የሌለ ሰው አደጋ

ቻምበርስ ሮድ ላይ፣ በላውንደሪና በሞባይል መሸጫ መካከል በተሸጎጠች ጠባብ ኦፊስ፣ አራት ዓመት ያህል የመኪና ኢንሹራንስ ሸጫለሁ። የቀጠሩኝ ስለ ኢንሹራንስ ስለማውቅ አልነበረም፤ አማርኛ ስለምናገር ብቻ ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ ገና መጀመራቸው ነበር። ከተማችን አውሮራ በእኛ ሰው እየሞላች ነበር፤ የኮሎራዶ ሕግም አዲስ ተቀይሮ ነበር። ድሮ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ኢንሹራንስ ይታከም ነበር፤ ከለውጡ በኋላ ግን የተጎዳውን የሚያሳክመው የገጨው ሰው ሆነ። ኢንሹራንሱ ከበቃ በኢንሹራንሱ፣ ካልበቃ ደግሞ ከደመወዙ፣ ከቤቱ። ስለዚህ በየቀኑ ሰው ይመጣና ፊቴ ተቀምጦ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ ስንት ልግዛ?

ያሉት ሦስት ናቸው፤ ሕጉ የሚያስገድደው ትንሹ፣ መካከለኛው፣ ትልቁ። በእንግሊዝኛ ማስረዳቱ ምንም ችግር የለበትም። የኦፊሱ ባለቤት ሳቂታ አሜሪካዊት ናት፤ ለኮስተመሮቿ "ነገ አንድ ሰው ገጭተህ ሽባ ብታደርገውስ?" ስትላቸው፣ እነሱ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይፈርማሉ። እኔ ይህንኑ በአማርኛ የሞከርኩት በሁለተኛው ቀኔ ነው። መጦሪያ ቤት የሚሠሩ፣ በቸርች የጸሎት ቡድን የሚያገለግሉ እናት ነበሩ። "እንበልና ነገ አንድ ልጅ ቢገጩ…" ከማለቴ ቦርሳቸውን አንስተው ብድግ አሉ።

"በኢየሱስ ስም! ዝም በል! ማን ነው የላከህ?"

እዚያው ቆመው ገሠጹኝ፤ እኔን እንኳ አይደለም፣ በእኔ ውስጥ ሆኖ የሚናገረውን ነው። የኦፊሱ ባለቤት ከውስጥ ብቅ ብላ ምን ተፈጠረ አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ለእኛ ሰው "ብትገጭ፣ ብትገድል" ብሎ መጀመር ምክር አይደለም፣ ሟርት ነው። ክፉ ነገር በሰው ላይ ማውራት ክፉውን መጥራት ነው ብለን ነው ያደግነው። እኔም እኮ እንደዚያው ነኝ፤ እናቴን በስልክ ሳወራ "እኔ ከሞትኩ" ስትለኝ ስልኩን ጆሮዋ ላይ የምዘጋ ሰው ነኝ።

በሦስተኛው ቀን መላ መታሁ። ክፉውን በሰሚው ላይ ከማወራ በሌላ ሰው ላይ ባወራውስ? "አንድ ሰው አለ" ማለት ጀመርኩ። "እዚሁ ቻምበርስ ላይ ነው የሚኖረው። ትንሹን ገዝቶ ነበር። በረዶ የጣለ ቀን፣ እዚያ የትራፊክ መብራቱ ጋ፣ አንዲት ነርስ ገጨ። እግሯ ተሰበረ፣ ሥራዋን አጣች። ኢንሹራንሱ ከፈለ፣ ከፈለና አለቀ። አሁን ጠበቃዋ እሱን ይዞታል።" ሰዉ ከንፈሩን ይመጥጣል። "አይ የሰው ነገር! ክፉ አይንካን። እስቲ እኔን ትልቁን አድርግልኝ።" በወሩ ከኦፊሱ ሁሉ የበለጠ የሸጥኩት እኔ ሆንኩ። ምን ልደብቃችሁ፣ ደረቴ ተነፋ።

ሰውዬው እየበሰለ ሄደ። መኪናውን ግራጫ አደረግኩለት፤ ሁለት ልጆች ሰጠሁት። የቀኝ የፊት መብራቱም ከግጭቱ በኋላ ተሰብሮ፣ ማሠሪያ ስላጣ በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር እንደለጠፈው ይታየኝ ነበር። ይህችን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለሽያጭ የምትጠቅም አልነበረችም፤ እንዲሁ ስናገር በዓይኔ ላይ የምትመጣ ነገር ናት።

ከዚያ አንድ ፀጉር አስተካካይ መጣና "ያንን ሰውዬ እኮ አውቀዋለሁ" አለኝ። "ማንን?" "ነርሷን የገጨውን። ከእኛ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። ሰላም ስትለው አይመልስም፤ ተጎድቷል።" ሲወጣ ብቻዬን ሳቅኩ። ሀበሻ ወሬ ሲሰማ አላውቅም ማለት አይሆንለትም፣ አልኩ። በሳምንቱ ደግሞ አንዲት ሴት ላውንደሪ ውስጥ አየሁት አለችኝ፤ የአንድ ሰው ልብስ ብቻ ነበር የሚያጥበው፣ ሚስቱ ሳትሄድበት አልቀረችም። ሚስት እንዳለው ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን አልሳቅኩም።

እሳቸው የመጡት በዚህ መሃል ነው። አስመራ የተወለዱ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛን የተማሩት በንጉሡ ዘመን ትምህርት ቤት ነው፤ ከእኔ ይልቅ የእሳቸው አማርኛ የጠራ ነው። ከኤርፖርት ወደ ዴንቨር ሆቴሎች መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዱ ነበር። የቫኑ ኢንሹራንስ የድርጅቱ ጉዳይ ነው፤ የእኛ ጉዳይ ሥራ የሚመላለሱባት የራሳቸው አሮጌ መኪና ናት። ትንሹን ነበር የያዙት። እኔን ያሳሰበኝ ግን ቤታቸው ነው። ሞንትቤሎ ሰፈር ውስጥ ሦስት መኝታ ያለው ቤት አላቸው፤ እሳቸው በመንዳት፣ ባለቤታቸው በሆቴል አንሶላ በማጠብ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከፍለው የጨረሱት። ከዚያ ቤት በቀር በስማቸው ምንም የለም። ሰው ጎድተው ኢንሹራንሱ ካልበቃ የሚሄደው ያው ቤት ነው።

"ልጄ፣ እኔ ይህን ነገር አላውቀውም። ስንቱ ይበቃኛል?" አሉኝ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ግን አፌ ለምዶበታል፤ በዚያ ላይ ሽማግሌ ፊት "ቢገጩ" ማለት እንዴት ተደርጎ? "ጋሼ፣ አንድ ሰው አለ" ብዬ ጀመርኩ።

እንደ እሳቸው ያዳመጠኝ ሰው የለም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ሰውዬው ዕድሜው ስንት ነው? ልጆቹ ከማን ጋር ናቸው? ነርሷ መራመድ ቻለች? እኔም እዚያው እየፈለሰፍኩ መለስኩላቸው። በመጨረሻ "ፍርዱስ?" አሉኝ። "ገና አልተወሰነም" አልኩ።

"እንግዲያው ፍርዱን ሰምቼ እወስናለሁ። የሰው ነገር ሳያልቅ መደምደም አልወድም።"

ትንሹን እንደያዙ ወጡ። እንዴ! ሌላው በዚህ ወሬ ደንግጦ ይገዛል፤ እኚህ ሰው መጨረሻውን ይጠብቃሉ? ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው። ግን በሚቀጥለው ሐሙስ ሥራ ከመግባታቸው በፊት ብቅ ሲሉ ደስ አለኝ። ዛሬ እገላገላለሁ፤ "ሁሉን ነገር አጣ፣ ቤቱንም ወሰዱበት" እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ይገዛሉ፣ ብዬ ቆረጥኩ። አፌን ከመክፈቴ ከኮታቸው ኪስ ወፍራም ፖስታ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ ለሾፌሮቹ አውርተውላቸው ኖሯል። ኤርትራዊው፣ ኢትዮጵያዊው፣ አንድ ሁለት ሶማሌም ሳይቀሩ አዋጥተዋል። ማንም ስሙን አልጠየቀም። የቸገረውን ሰው ስሙን መጠየቅ ማሳፈር ነው፤ እንደዚያ ነው ያደግነው። ያ ጨዋነት ባይኖር እኮ ወሬዬ ገና በመጀመሪያው ቀን ነበር የሚያልቀው።

"አድርስልኝ" አሉኝ።

እጄ ወደ ፖስታው አልሄድ አለኝ። የዚያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? አፈርኩ። ለሌለ ሰው ሽማግሌ አስለመንኩ ማለት ነው። እንዲያውም ሌላ ውሸት ጨመርኩበት፤ "ጋሼ፣ እኔ አልችልም። የኮስተመር ሚስጥር ነው፣ ከሥራ ያስወጣኛል" አልኩ።

"ገባኝ፣ ገባኝ። ችግር የለውም፤ እኔው እሰጠዋለሁ። አይቼዋለሁ እኮ።"

"ማንን?"

"ሰውዬህን ነዋ። ግራጫ መኪና አላልከኝም? እዚህ ላውንደሪው በር ላይ ይቆማል። የቀኝ መብራቷን በፕላስተር ለጥፏታል፣ ምስኪን።"

ፕላስተሩን ለማን ነገርኩ? ያለፉትን ሳምንታት ሁሉ በልቤ ዞርኳቸው። ለማንም አልነገርኩም። እሳቸው ፖስታውን ወደ ኪሳቸው መልሰው፣ "አይዞህ፣ አንተ እንደነገርከኝ አልነግረውም" ብለውኝ ወጡ።

በማግስቱ ቀትር ላይ በረዶ ይጥል ነበር፤ ያ ነጭ ብርሃኑ ዓይን የሚያስጨንቅ፣ ድምፅ የሌለው በረዶ። ምሳዬን መስኮቱ አጠገብ ቆሜ እየበላሁ ቀና ስል፣ ከፓርኪንጉ ጥግ ግራጫ መኪና ቆማለች። ሞተሯ አልጠፋም፤ ከኋላዋ ጭስ ይወጣል። መስኮቶቿ በትንፋሽ ደመና ለብሰዋል፤ ሾፌሩ ቦታ ላይ ሰው መኖሩ ይታያል፣ ማን እንደሆነ አይታይም። የቀኝ መብራቷ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ተለጥፏል።

ሄደህ መስኮቱን አንኳኳ፣ አልኩት ራሴን። ማንም ሊሆን ይችላል፤ በዚህ መንገድ የተቦጨቀ ግራጫ መኪና ሞልቷል፣ ፕላስተርም ዶላር ስቶር ይሸጣል። ግን ከመስኮቱ አልተነቃነቅኩም። ፈራሁ። የፈራሁት ሰውዬው የማላውቀው ሰው ቢሆን አይደለም፤ መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ ባውቀውስ ብዬ ነው። ስልክ ጮኸ፤ አንስቼ ስመለስ መኪናዋ የለችም። ያኔ ሮጬ ወጣሁ። ቆማበት የነበረው ቦታ በረዶ አልነካውም፤ አስፋልቱ ጥቁር እንደሆነ ደርቋል። ከዚያ ቦታ ወደ መንገዱ የወጣ የጎማ ምልክት ፈለግኩ። አጣሁ። በረዶው ቶሎ ሸፍኖት ይሆናል። ይሆናል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

ሐሙስ ዕለት እሳቸው ከወትሮው ቀደም ብለው መጡ፤ ፊታቸው በርቷል።

"ሰጠሁት!" አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። "እዚያው አገኘሁት፤ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ከሾፌሮች ነው አልኩት፤ ተቀበለኝ። እንባ ተናነቀው። ነገሩስ እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅኩት። አልቋል አለኝ! ሴትየዋ ድናለች፤ ክሱን ትታለታለች። ይታይህ! ይቅር አለችው።"

"ሌላስ ምን አለዎት?"

"ምን ይለኛል? አዎ፣ 'ለዚያ ልጅ ሰላም በሉልኝ' ብሏል።"

"ለየትኛው ልጅ?"

"ላንተ ነዋ።"

"ጋሼ፣ ከእኔ እንደሰሙ ነግረውት ነበር?"

እሳቸው ባርኔጣቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡ። "አልነገርኩትም" አሉ። "አልነግረውም ብዬህ አልነበር?"

ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። ፍርዱ ታውቋል፤ ሰው እንደተፈራው ክፉ አይደለም፤ ስለዚህ ያለቻቸው ትንሿ ትበቃቸዋለች፤ የሚጨምሩበት ምክንያት አልታያቸውም። በጣም ረክተው ነበር። እኔ ደግሞ በዚያች ደቂቃ ማድረግ የነበረብኝን አሳምሬ አውቀው ነበር፤ "ጋሼ፣ ያ ሰው የለም፤ እሱን ተዉትና ይህን ይግዙ" ማለት። ግን የለም ልል ነው? አሁን አነጋግረውት የመጡትን ሰው? በዚያ ላይ የኦፊሱ አንደኛ ሻጭ ውሸታም ነው ሊባል ነው። "ይሁን እንግዲህ፣ እንደፈቀዱ" አልኩ። እነዚያን ቃላት ባልኩበት አፌ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

አንድ ወር እንኳ አልሞላውም። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ድምፃቸው በጣም ቀስ ያለ ነበር፤ ከኋላቸው የአምቡላንስ ጩኸት ይሰማል።

"ልጄ፣ ሰው ገጨሁ" አሉኝ።

በረዶ ነበር። መብራቱ ጋ ነበር፤ እዚያው እኔ ስንት መቶ ጊዜ ሰው ያስገጨሁበት መብራት። ሴትዮዋ የሆስፒታል ልብስ ለብሳለች፤ ከሥራ ስትመለስ መንገድ ስታቋርጥ ነው። እግሯ። "እንዴት ሆነ ጋሼ?" ስላቸው ነገሩኝ። ሰውዬው በጎናቸው ባለው መስመር ቆሞ ነበር፤ ግራጫዋ መኪና ውስጥ። አወቃቸው፤ ፈገግ አለ። እሳቸውም ሰላም ሊሉት አንድ እጃቸውን ከመሪው አንስተው ዘወር አሉ። ዘወር ያሉት ለአፍታ ነው፤ በዚያችው አፍታ መኪናቸው በበረዶው ላይ ተንሸራተተች። ፖሊስ ሲመጣ ምስክር እንዲሆናቸው ፈለጉት። ሄዷል።

ያ ትንሹ ኢንሹራንስ የሆስፒታሉን ሂሳብ እንኳ አልጨረሰም። ሴትዮዋ ልጆች ነበሯት፣ ሥራዋ ቆሞ የሚሠራ ነው፤ ማንም ሊፈርድባት አይችልም፣ እኔም አልፈርድባትም። ይቅር አላለችም። ጠበቃዋ ደብዳቤ ጻፈ፣ የእሳቸውም ጠበቃ መለሰ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ከረመና ቤቱ ተሽጦ ይከፈላት ተባለ። በእነዚያ ወራት ኦፊስ ውስጥ "አንድ ሰው አለ" የሚለው ነገር ከአፌ አልወጣም አለ። ሽያጬ ወደቀ። የኦፊሱ ባለቤት ምን ሆንክ ብትለኝ ጉሮሮዬን አሞኛል አልኳት።

ቤቱን የሚለቁበት ቅዳሜ ጠዋት ሞንትቤሎ ሄድኩ። እውነቱን ሳልናገር ከዚያ ሰፈር ቢወጡ ዕድሜዬን ሙሉ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አውቄያለሁ። ደጃፉ ላይ የኪራይ መጫኛ መኪና ቆሟል። ባለቤታቸው ወጥ ቤት ሆነው ሳህን በጋዜጣ ይጠቀልላሉ፤ "ግባ ልጄ፣ ለማገዝ መጣህ? እግዜር ይስጥህ" ሲሉኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ባዶው ሳሎን ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል።

ፊታቸው ቆምኩ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ያ ሰውዬ የለም። ኖሮም አያውቅም። ሟርት እንዳይሆንብኝ፣ ሰው እንዳይቀየመኝ ብዬ የፈጠርኩት ነው።"

የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጡም። ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን ተመለከቱ።

"ጨብጬዋለሁ እኮ" አሉ። "እጁ በጣም ቀዝቃዛ ነበር። ብርድ ነው አልኩ።" ከዚያ ቀና ብለው፣ "ታዲያ ያን ሁሉ ሰው ያዋጣውን የሰጠሁት ለማን ነው?" አሉኝ።

አላውቅም አልኩ። ማንም መኪናው የተቦጨቀበት ሰው ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብ ሲሰጡት አሳፍሮት፣ መስማት የፈለጉትን ነግሮዎት ይሆናል፣ እያልኩ ቀባጠርኩ። እኔው ራሴ አላመንኩትም፤ እሳቸውም ወሬዬን አልሰሙኝም። ሌላ ነገር ነበር የሚያስቡት።

"አንተስ?" አሉኝ።

"ምኔ ጋሼ?"

"ያንተ መኪና። አንተ ስንቱን ነው የገዛኸው?"

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

"ትልቁን" አልኩ።

"መቼ?"

"ሥራ የገባሁ ሳምንት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ። "ይህችን ብቻ ብትነግረኝ ኖሮ እገዛ ነበር" አሉ። ከዚያም የተቀመጡበትን ካርቶን እንዳነሳላቸው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

አነሳሁና ወደ መኪናው ወሰድኩት።